እሁድ ተኝተን ነበር

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማረን መምህር በዓመቱ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከአንድ ቡናማ ኮት ሌላ ለብሶ ያላየነው ሰው። ዲላን ይውደዳት ይጥላት አላወቅንም፤ የጠየቀውም የለም። የሚወደውን ነገር ግን ቶሎ ደረስንበት። ሰዋስው ይወዳል፤ ሌላው ሰው ጥሬ ሥጋ እንደሚወደው።

ከእሱ በፊት የነበሩት መምህራን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላሉ፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ደወል ይደወላል፣ በሰላም እንለያያለን። ለማትሪክ የሚፈለገው ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አፍ አያስፈልግም። እኔ ራሴ የእንግሊዝኛን ግሥ ከነእርባታው እንደ ቁርአን ምዕራፍ በቃሌ እወጣው ነበር። ውሃ ስጡኝ በይ ቢሉኝ ግን በጥም መሞቴ ነው።

አዲሱ ሰውዬ ይህን ሁሉ ገለበጠው። አፍ ውስጥ ያልገባ ሰዋስው ደብተር ላይ ቢሞላ ምን ያደርግላችኋል አለና ደብተራችንን ዴስክ ውስጥ አስከተተን። መጀመሪያ ሰንሰለት የሚባል ነገር አመጣ። አንዱ ተነስቶ ትናንት ገበያ ሄድኩ ይላል። ከጎኑ ያለችው እሱ ትናንት ገበያ ሄደ፣ እኔ ወንዝ ወረድኩ ትላለች። እንዲህ እየተቀጣጠለ የኋላው ወንበር ሲደርስ የመጨረሻው ምስኪን የረድፉን ሁሉ ገመና ተሸክሞ ይቆማል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ያመለጠው ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው ይጀምራል። የጌዴኦውም፣ የኦሮሞውም፣ የጉራጌውም ልጅ በመካከላችን ያለው መግባቢያ አማርኛ ስለነበር እሱን ሲከለክለን እርስ በርሳችን እንደ አዲስ ሰው ተያየን።

ቀጥሎ የሌባ ጨዋታ መጣ። ያለፈ ጊዜ ሆኖ በመካሄድ ላይ የነበረን ድርጊት ለመለማመድ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ማለትም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ፣ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰረቀ እንበል አለ። ሁለት ተጠርጣሪዎች ውጭ ይወጡና አብረን ነበርን የሚያሰኝ ታሪክ ይስማማሉ። ከዚያ በየተራ ይገባሉ፤ ክፍሉ ያፋጥጣቸዋል። ምን እያደረግህ ነበር? ማን አጠገብህ ነበር? ዝናብ እየዘነበ ነበር ወይ? ቃላቸው ከተለያየ ሌቦቹ እነሱ ናቸው። ሌላ ቦታ ሲጫወቱት ወዲያው እንደሚያዙና ሳቁም እዚያ ላይ እንደሆነ ነገረን።

እኛ ጋ ማንም አልተያዘም። የት ነበርክ፣ ከማን ጋር ነበርክ የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን የቀበሌ ጥያቄ ነው። እንዴት እንደሚመለስ ያስተማረን የለም፤ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የመጀመሪያው ልጅ ገባና አይ ወዝ ስሊፒንግ አለ። ተኝቼ ነበር። ማን አጠገብህ ነበር? ተኝቼ ስለነበር አላየሁም። ዝናብስ? ተኝቼ ነበር። ሁለተኛው ገባ፤ እሱም ተኝቷል። ሌሎች ሁለት ወጡ ገቡ፤ እነሱም ተኝተዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የዲላ ወጣት በሙሉ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነበር።

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። ያኔ ጨርሶ የገባው አይመስለኝም። ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሐሳቡ ግሡ ላይ ስለነበረ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛም አለ። መተኛት ክልክል ነው።

ክልከላው አዲስ ሥርዓት ይዞ መጣ። ሰኞ ሰኞ እያንዳንዳችን ተነስተን እሁድ በዚህ ሰዓት ምን እያደረግን እንደነበር እንናገራለን፤ እውነተኛ ነገር መሆን አለበት። እውነት መሆኑን ደግሞ ያየ ሰው ይመሰክራል። አዎ፣ አየኋት፣ ቲማቲም እየገዛች ነበር ይላል። ምስክር ያላገኘ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር ምላስ ላይ አይቆይም የሚል እምነት ነበረው።

ሥርዓቱን የወደደው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የክፍላችን አለቃ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጅ ነበር። አባቱን ሰፈሩ በሙሉ ይፈራዋል፤ ልጁን አንፈራውም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። በልጁ ጆሮ የገባ በአባትየው እጅ ይወጣል ብለን ነበር የምናስበው። ልጁ ራሱ ግን የዋህ ነገር ነው። እጁን ለማንሳት ይቸኩላል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲሳካለት ማር እንደቀመሰ ሰው ከንፈሩን ይልሳል። ክፍሉ በሙሉ በተኛበት ሰሞን ተኝቼ ነበር ያላለው እሱ ብቻ ነበር። ለምን ይተኛል? የሚደብቀው ነገር አልነበረውማ።

እኔ ነበረኝ። ከእኔ በላይ ያለው ወንድሜ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ የአባቴ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። ስሙ ከቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠሩት ጋር ሲወጣ አባቴ ሻሸመኔ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ እዚያው ጠፋብኝ ብሎ ለሊቀመንበሩ ተናገረ። ወንድሜ የነበረው ግን ኮንጋ ነው፤ ከይርጋጨፌ በእግር የሚገባበት የቡና አገር፣ የአባቴ የቆየ ደንበኛ ከሆኑ አንድ የጌዴኦ ገበሬ ቤት። እንሰቱና ቡናው ተደበላልቀው በበቀሉበት ጓሮ ቀን ቀን ያርማል፣ ይኮተኩታል። ገበሬው ለጎረቤት የሚስቴ ዘመድ ነው ይላሉ። ጎረቤቱም የሚስትየውን ዘመዶች አንድ በአንድ እያወቀ፣ አዎ፣ ይመስላታል ይላል።

እሁድ እሁድ የምሄድለት እኔ ነበርኩ። ኬላ ላይ የወንድን ሻንጣ ሲበረብሩ የሴት ልጅን ዘንቢል ብዙም አይነኩም። በአውቶቡስ ይርጋጨፌ እወርዳለሁ፣ ከዚያ በእግሬ። ንጹህ ልብስ፣ ሳሙናና የእናቴን በርበሬ አደርሳለሁ፤ የቆሸሸውን ይዤ እመለሳለሁ። ታዲያ ሰኞ ጠዋት እሁድ ምን እያደረግሽ ነበር ሲባል ምን ልበል? ልብስ እያጠብኩ ነበር እል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ማታ ተመልሼ አጥበዋለሁ።

በመጀመሪያው ሰኞ መምህሩ ምስክር ማነው አለ። ከጎኔ የምትቀመጠው የጌዴኦ ልጅ ተነሳች። አየኋት፣ ወንዝ ዳር ሰማያዊ ብርድ ልብስ እያጠበች ነበር አለች። ሳልነግራት፣ ሳልለምናት። ስትቀመጥ ዓይኔን እንኳ አላየችም፤ ዴስኩ ላይ ያለውን ቀዳዳ በጥፍሯ መፈልፈሏን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ በየሰኞው ሰማያዊውን ብርድ ልብስ ታጥብልኝ ጀመር። ከእሷ ሌላ ማን ምን እንደሚያውቅ አልጠየቅኩም። ዲላ ትንሽ ከተማ ናት፤ የማይታወቅ ነገር የለም፣ የሚነገረው ነው የተመረጠው።

ጉዱ የፈላው ቡና ለቀማው ሲጋመስ ነው። አለቃችን ያን እሁድ የአክስቱ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ይርጋጨፌ ሄዶ ኖሯል። ሰኞ ተራዬ ደረሰ፤ ልብስ እያጠብኩ ነበር አልኩ። ጓደኛዬ ለመነሳት ዴስኩን ስትይዝ አለቃው ቀደማት። ሁለት ድርጊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰር ዓርብ ዕለት ተምረናል፤ ይህች ናት አጋጣሚዋ ብሎ ነው መሰለኝ። ስሕተት ነው ቲቸር፣ አለ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ እኔ ሳያት እሷ ይርጋጨፌ ላይ ከአውቶቡስ እየወረደች ነበር። ከንፈሩን ላሰ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ የማውቀው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስም ሲነበብ ነው። መምህሩ ግን ደስ አለው። ስንት ሰኞ የለፋበት ዓረፍተ ነገር፣ ቆንጆ ሆኖ፣ አንዱ ድርጊት ሌላውን አቋርጦት፣ ደግሞም እውነት ሆኖ ሲመጣ ምን ያድርግ? ዞሮ በትልልቅ ፊደል ሰሌዳው ላይ ጻፈው። እሱ ሲያያት ከአውቶቡስ እየወረደች ነበር። ከሥሩም አሰመረበት። ከእሱ ክፍለ ጊዜ ቀጥሎ የሚገባው የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪ ነው፤ የሊቀመንበሩ ወዳጅ፣ በየቀበሌው ስብሰባ የሚናገር። ሰሌዳ የሚያስጠፋው ከገባ በኋላ አንብቦ ነው።

ይርጋጨፌ ምን እያደረግሽ ነበር? አለኝ መምህሩ፣ ፊቱ በርቶ። ጥያቄ ጥያቄን እንዲወልድ ይፈልጋል። አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ የሸመደድኩት ግሥ የት እንደገባ እንጃ። አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ ወንድሜ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ከእንሰቱ መሀል ሲወጣ።

በዚያን ጊዜ ጓደኛዬ ተነሳች። አይደለም ቲቸር፣ ወንዝ ዳር ነበረች፣ ብርድ ልብሱ ሰማያዊ ነበር አለች። ገና ሳትቀመጥ ከመስኮቱ በኩል አንዱ ተነሳ። ሆስፒታል አየኋት፣ መርፌ እየተወጋች ነበር። ሌላዋ ተነሳች። ከእኛ ጋር መረብ ኳስ እየተጫወተች ነበር። ከዚያ ማን ያቁማቸው። ጤፍ እያስፈጨች ነበር። ፎቶ ቤት በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በእንግሊዝኛ ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ የኋላ ወንበር ልጅ ተነስቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያን ስታስቀድስ አየኋት አለ። ሻሼን አጥብቄ አስሬ፣ አባቴ ጁምዓ ቀርቶበት የማያውቅ የእስላም ልጅ ፊቱ ተቀምጬ። አልሳቅኩም፤ ማንም አልሳቀም። አንድ እሁድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ዲላን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቻት ነበር። ግሡን የሳተ ግን አንድም አልነበረም።

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሞ ሰማቸው። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አለቃውን፣ ከዚያ ሰሌዳውን አየ። አለቃውም ያን ጊዜ ነው የገባው መሰለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ይቆጥራል። መምህሩ ዳስተሩን አንስቶ የጻፈውን አጠፋ። አንዴ አጥፍቶ፣ ፊደሉ በቀጭኑ ሲታየው በኮቱ እጅጌ ደገመው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ተናገረ። ከዛሬ ጀምሮ መተኛት ተፈቅዷል አለ። ደወል ተደወለ።

ቤት ስደርስ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ሲደነግጥ ዕቃ ያስተካክላል፤ የተስተካከለውን ሳሙና አውርዶ እንደገና ደረደረ። ልጁን ከኮንጋ እናንሳው እንዴ? አለ። የት ልንወስደው ነው? አለች እናቴ። ሳምንቱን በሙሉ ሱቁ በር ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ቀና ብለን አየን። ረቡዕ ዕለት አንድ የአብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳንገተ ገባ። አባቴ ቆሞ ቀረ። ሰውዬው የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ወጣ። እናቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። በአለቃው ተናድጄ ነበር፤ እንዲህ በቀላሉ፣ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብሎ ብዬ። ያን እሁድ ኮንጋ አልሄድኩም።

ሰኞ መጣ። መምህሩ እንደ ወትሮው እሁድ በዚህ ሰዓት ምን እያደረጋችሁ ነበር ብሎ ጠየቀ። እጅ የለም። ወትሮ ቀድሞ የሚነሳው የአለቃው ጭምር። መምህሩ ራሱ ጠራው።

ልጁ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከዓይኑ ሥር አብጦ ነበር፤ በአባቱ ቤት ያን ሳምንት ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተጠየቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። አይ ወዝ ስሊፒንግ አለ።

ቀኑን ሙሉ? አለ መምህሩ።

ቀኑን ሙሉ ቲቸር። ያለፈውም እሁድ ተኝቼ ነበር። ማንንም አላየሁም።

አጭር፣ ተራ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከንፈሩንም አልላሰም። መምህሩ ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፣ ምስክር አለ? ብሎ ጠየቀ። እጄ እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። አየሁት ቲቸር፣ አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ተኝቶ ነበር። እኔ የእስላም ልጅ፣ የሊቀመንበር ልጅ ተኝቶ አየሁ ስል ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር በሳቅ ፈረሰ። ከስንት ሳምንት በኋላ የመጣ ሳቅ ነው፤ መምህሩም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየነው። ልጁ ብቻ አልሳቀም። ዞሮ አየኝና ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሁድ ዘንቢሌን ይዤ ኮንጋ ወረድኩ። ወንድሜ ለምን ቀረሽ ሲለኝ አሞኝ ነበር አልኩት።

ከዚያ በኋላ ከአለቃው ጋር ብዙም አላወራንም። በሚቀጥለው ዓመት ማትሪክ ተፈትነን እሱም ውጤት ሳይመጣለት ቀረ። ቀበሌያችን ለዘመቻው ከተጠየቀው ኮታ ሰው ጎደለው። ሊቀመንበሩ የድሃ ልጅ እያሳፈሰ የራሱን አስቀመጠ የሚል ጉምጉምታ በየስብሰባው ይነሳ ስለነበር አባትየው የጎደለውን በገዛ ልጁ ሞላ። ከጎደሉት አንዱ ወንድሜ እንደሆነ እኛ ቤት ሁሉም ያውቃል፤ የተናገረው ግን የለም። ሲጫኑ የሱቃችን በር ላይ ቆሜ ነበር። ተሳቢው መኪና ላይ ከሌሎቹ ጋር ተፋፍጎ ቆሟል፤ እኔን አላየኝም። መኪናው ወደ ሻሸመኔ መንገድ ሲታጠፍ አቧራው ሱቁ ውስጥ ገባና አባቴ የተደረደረውን ሳሙና እንደገና ያራግፍ ጀመር።

መንግሥት ሲለወጥ ወንድሜ ከኮንጋ ወጣ። መዳፉ ሻካራ ሆኖ፣ ጌዴኦኛውን ከአማርኛው እያስቀደመ። እናቴ ያን ቀን አንገቱን ይዛ አልለቅም አለች። አለቃው ግን እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። አባትየው ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሱቁን አሁን የያዘው ወንድሜ ነው።

የአለቃው እናት ደንበኛችን ናቸው። እኔ እዚያ ባለሁበት አንድ ቀን ስኳር ሊገዙ መጥተው፣ እግራቸው ስለሚያማቸው፣ የሩዝ ጆንያው ላይ አረፍ አሉ። አንቺ ከልጄ ጋር ተምረሻል አሉኝ፣ ክፍል ውስጥ እንዴት ያለ ልጅ ነበር?

ጎበዝ ነበር እማማ፣ አልኳቸው። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነበር።

ንቁ ነበር፣ አሉ። እንኳን ቀን ሌሊትም እንቅልፍ የለው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ቀን ላይ ተኝቶ አላየሁትም።

አውቃለሁ አልኳቸው። ወንድሜ ስኳሩን መዝኖ፣ ቋጥሮ፣ በሁለት እጁ ሰጣቸው።